አረንጓዴው የት ሄደ

ካሪን የበረንዳውን በር ገና ሳትገፋው የሮንዳ ድምፅ ከውስጥ ተሰማት። «ስልኩን እዚያ የሚጣለው ካርቶን ውስጥ ክተተው። እሳቸው እንደሆነ ከእንግዲህ ስልክና ሳሙና አይለዩም» ትላለች የወንድሟ ሚስት፤ ወዲያው የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ጭርር ብሎ ሲሳብ ተሰማ። ካሪን እጀታውን እንደያዘች ቆመች። ከምትኖርበት ሚኒያፖሊስ እስከ ዱሉት በኅዳር ንፋስ ስትነዳ ያረፈደችው አባቷን የአረጋውያን መጦሪያ ለማድረስ ነው። ውሳኔውን የሰማችው በስልክ ነበር። ወንድሟ ዌይን «አልጋ ተገኝቷል፣ ሐሙስ ይገባል። መምጣት ከፈለግሽ ነይ» አላት፤ እሷም ሌላ የምትለው ስላጣች «እሺ» አለች። አሁን በሩ ላይ ቆማ የሮንዳን አነጋገር ደጋግማ ሰማችው። ያናደዳት ቃሉ አልነበረም። ያናደዳት ሮንዳ ያን ስትል ድምፅዋን ዝቅ እንኳ አለማድረጓ ነው፤ አባቷ ወጥ ቤት ተቀምጦ ሁሉንም እየሰማ።

ገፍታ ስትገባ ሮንዳ ቀና ብላ «ውይ፣ ደረስሽ? መንገዱ በረዶ አልነበረውም?» አለቻት፣ ከልቧ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደክሟታል። ሳሎኑ ሳሎንነቱ ቀርቶ መጋዘን መስሏል። ፎቶዎቹ የወረዱበት ግድግዳ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ አራት ማዕዘኖች ቀርተዋል። ሶፋው ላይ ሃያ አምስት ዶላር የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ የእናቷ የምግብ ጠረጴዛ አርባ ተብሏል፤ እናቷ በሕይወት ሳለች ማንም እንዲነካቸው የማትፈቅድላቸው የቡና ሲኒዎች ደግሞ በጅምላ አሥር። ምድር ቤት ያለው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሳውናው፣ ብቻ ከቤቱ ጋር ስለሚሸጥ ዋጋ አልወጣለትም። በወጥ ቤቱ መስኮት ቁልቁል የሚታየው ሐይቅ እንደ እርሳስ ጠቁሮ፣ ሰማዩን ከውሃው መለየት ያስቸግራል።

አባቷ አርቮ ካፖርቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወጥ ቤት ተቀምጧል። ከማለዳ ጀምሮ እንደዚያው ነው፤ «ያውልቁት ብላቸው እምቢ አሉ» አለች ሮንዳ። ዕድሜውን ሙሉ ወደብ ላይ የብረት ማዕድን መርከብ ላይ ሲያስጭን የኖረ ትልቅ ሰው ነው። ስትሮክ አንጎሉን ከመታው ወዲህ እግሩም እጁም ቀስ በቀስ ተመለሱለት፤ ያልተመለሰው ቃል ነው። የሚነገረውን ሁሉ ይረዳል፣ ሊመልስ ሲል ግን አፉ ላይ የሚገኙት ጥቂቶች ናቸው፦ አዎ፣ አይ፣ ቤት፣ የልጆቹ ስም፣ እና ከወላጆቹ የወረሰው የፊንላንዶች ስድብ፣ «ፐርከሌ»። ስድቡን አጥርቶ ነው የሚናገረው። ፊደል ደግሞ ጭራሽ ጠፍቶበታል፤ ጋዜጣ ሲይዝ የጉንዳን ሠራዊት የሚያይ ይመስል ፊቱን ያኮማትራል። ካሪን ጎንበስ ብላ ሳመችው። ጉንጩን ማን እንደላጨው እንጃ፣ አንዱን ወገን ስቶታል።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?»

«አዎ» አለ።

ከሳሎኑ ካርቶን ውስጥ ስልኩን አወጣችው። ሮንዳ አየቻትና ወደ ማሸጊያዋ ተመለሰች። ካሪን ይዛው ወደ መስኮቱ ሄደችና አበራችው፤ ስክሪኑ ሲበራ መጀመሪያ የተሰማት፣ ራሷን እስኪያሳፍራት ድረስ፣ ደስታ ነበር። ውብ ነው። የራሷ ሥራ ነው። የምትሠራበት ድርጅት ለስልክ መልክ የሚያወጣ ነው፤ ሰው ጥቂት ዶላር ከፍሎ ይገዛና የስልኩ ምልክቶች በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይለብሳሉ። ይኼኛው «በርች» ይባላል። ግራጫው ከዚሁ ሐይቅ የተወሰደ ነው፤ በላዩ ላይ የበርች ዛፍ ቅርፊት የመሰለ ፈዘዝ ያለ ነጭ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር የተሳለ። ካሜራው፣ ሰዓቱ፣ መልእክቱ፣ መደወያው፣ ሁሉም አንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች ይመስላሉ። ስትሠራው የበረዶውን ወራት አገባድዳለች። አንድ የሥራ ባልደረባዋ «ቢያንስ የመደወያውን አረንጓዴ እንተውለት፣ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ቀለም ነው» ሲላት፣ «ነጭ ሸሚዝ ላይ ወጥ እንደማፍሰስ ነው» ብላ አስቃበታለች። ሥራው ተወደደ። ሽልማት አገኘ። አስተያየት ከሰጡት ሰዎች አንዷ «በጣም ያምራል፣ ግን ምንም ነገር ማግኘት አልቻልኩም» ብላ የጻፈችውን ለጓደኞቿ እያነበበች ስቃለች።

በሰኔ፣ በአባቶች ቀን፣ በአባቷ ስልክ ላይ የጫነችው እሷው ራሷ ነች። እዚሁ ወጥ ቤት ነበር፤ ዓሣ ጠብሰው እየበሉ። «አባዬ፣ ይኼን እኔ ነኝ የሠራሁት» ስትለው ስልኩን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ ድመት እንደሚዳብስ ሰው በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ወጥቶ ለጎረቤቱ አሳየ። ሲመለስ ዓይኑ እርጥብ ነበር። እሷ በማግስቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አሁን መስኮቱ ስር ቆማ ያንኑ ስክሪን ፊደል እንደማያውቅ ሰው ልታየው ሞከረች። ከምልክቶቹ በታች ያለውን ጽሑፍ በጣቷ ሸፈነችው። ግራጫ ላይ ነጭ፣ ግራጫ ላይ ነጭ፣ ግራጫ ላይ ነጭ። አባቷ ከስትሮኩ በኋላ ስልክ የለመደው በቀለም ነበር፤ ያስተማረችውም እሷ ነበረች። አረንጓዴውን ይነካል፣ የእሷና የዌይን ፎቶ ይመጣል፣ ፎቶውን ይነካል። ሰማያዊው የአየር ሁኔታ ነው። ቀዩ፣ የመርከብ ሥዕል ያለበት፣ የትኛው መርከብ ወደብ እንደሚገባ የሚያሳየው ነው፤ ከሁሉም የሚወደው እሱን ነበር። ካሪን ቀዩን ፈለገችው። ምልክታቸውን እሷ ያልሳለችላቸው መተግበሪያዎች ላይ ስልኩ ራሱ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል በክብ ውስጥ ያትምባቸዋል፤ መርከቧ ጠፍታ በቦታዋ አንድ ፊደል ተቀምጧል። ዌይን በሐምሌ ደውሎ «መርከቦቹንም ተዋቸው እኮ፣ ምንም ነገር ደስ አይለውም፣ እየራቀ ነው» ያላት ትዝ አላት። አዝና ነበር። «ዕድሜ ነው» ብላው ነበር።

ከዚያ መስከረም ላይ መታጠቢያ ቤት ወደቀ። ዌይን ማታ ከሥራ ሲመጣ ነው ያገኘው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሰድሉ ላይ፣ ስልኩ እጁ ውስጥ። ሁሉም ያሉት አንድ ነው፤ ስልክ ይዞ መደወል ካልቻለ አእምሮው ሄዷል ማለት ነው። ከሆስፒታል የተላከችው ሴትዮም መጥታ «አቶ አርቮ፣ ቢወድቁ እንዴት አድርገው ይደውላሉ? እስቲ ያሳዩኝ» አለችው። ሰዓቱን ነካ። ካሜራውን ነካ፤ የራሱ ፊት ሲመጣበት ደነገጠ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ብቻውን መኖር አይችልም ተባለ።

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «አባዬ፣ እስቲ ደውልልኝ» አለችና ስልኩን ሰጠችው። ተቀበላት። ትልቁ ጣቱ ከስክሪኑ በላይ ተንሳፍፎ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ፤ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፣ ፈተና ላይ መልሱ እንደጠፋበት ልጅ። «ግድ የለም» አለችው። ወሰደችበትና የራሷን ሥራ አጠፋችው። ቀለሙ በአንድ ጊዜ ተመለሰ፤ ዝብርቅርቅ ያለ፣ የሚጮህ፣ እንደ ከረሜላ ሱቅ መስኮት፣ እርስ በርሱ የማይስማማ። ለሙያዋ ሰው አስቀያሚ ነው። ገና እጁ ላይ ሳታደርሰው ጣቱ መጣና አረንጓዴውን መታ፤ ፎቶዋን መታ። ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ። አባቷ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። «ፐርከሌ!» አለ።

ዌይንን ያገኘችው ምድር ቤት፣ ሳውናው ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ነው። ከመቀመጫ እንጨቱ አሁንም የቆየ ጭስ ይሸታል።

«ዌይን፣ አባዬ አልጃጀም። ስልኩ ነው። እኔ የጫንኩበት ነገር ነው ያደናበረው። ቀለሙን መለስኩለት፣ ወዲያው ደወለልኝ። ልጥራው? ታያለህ?»

ዌይን ካርቶኑን አስቀመጠ። ወገቡን ይዞ ቀና አለ። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ስልኩ እንዳስቸገረው። ነሐሴ ላይ ላጠፋለት ብዬ ስወስድበት እጄን በቡጢ አለኝ። እንዲህ አድርጎ ደረቱ ላይ ለጠፈው፣ ‹ካሪን፣ ካሪን› እያለ። የልጄን ሥራ አትንካብኝ ማለቱ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ተውኩት።»

ካሪን እንጨቱ ላይ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ስትደውይ የምታወሪው ስለ ሽልማቱ ነበር። ደስ ብሎሻል። ሥራሽ አባትሽን አስቸገረው ልበልሽ? ደግሞ ያን ጊዜ አልወደቀም።»

ላይ ሮንዳ የምትጎትተው ነገር ጣራውን አንኳኳ። ሁለቱም ወደ ላይ ቀና አሉ፤ ሁለቱም መልሰው አቀረቀሩ።

«አሁን ግን ይችላል» አለች ካሪን። «አሁን ቢወድቅ ይደውላል። ሴትዮዋን መልሰን እንጥራት። ቤቱ ገና አልተሸጠም። ለምን እዚሁ አይኖርም?»

«እሺ፣ ደወለ እንበል። ማን ይመጣል?» አለ ዌይን። አልጮኸም። «ከሥራ ስወጣ እዚህ ነኝ። ቅዳሜም እዚህ ነኝ፣ እሑድም። አጥበዋለሁ፣ አበላዋለሁ፣ አንሶላውን እቀይራለሁ። ሌሊት ስልክ በጠራ ቁጥር ሮንዳ ‹ሞተ?› ብላ ትነሳለች። በዚህ ጀርባዬ ድጋሚ ከሰድል ላይ ላነሳው አልችልም። አንቺ ትመጫለሽ? ካሪን፣ የምሬን ነው የምጠይቅሽ። መጥቼ አብሬው እኖራለሁ በይኝና አሁኑኑ ካርቶኖቹን እፈታለሁ።»

አፓርታማዋ ታያት፤ ነጩ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ላይ ያሉት ተክሎች፣ ሰኞ የሚታየው አዲሱ የክረምት ሥራ። ከአባቷ ጋር በዚህ ቤት ጥር ወርን አሰበችው፤ ጠዋት ማጠብ፣ ዝምታ፣ ምሳ፣ ዝምታ። ሥራዋን ይዛ ለመምጣት የሚከለክላት እንደሌለም አወቀች፤ የምትሠራው በኮምፒዩተር ነው፣ የትም ሆና ትችላለች። ዌይን ጠበቃት። የምር ነው የጠበቃት፤ ፊቱ ላይ ለአፍታ፣ ተስፋ ነው ለማለት የሚያስደፍር ነገር ነበር። እሷ ግን የእንጨቱን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። ዌይን ጎንበስ አለና ካርቶኑን አነሳ። «በይ ተነሺ፣ እንዳይመሽብን» አለ።

በዌይን መኪና ሄዱ። አባቷ ከፊት፣ ዌይን ሲነዳ፣ እሷ ከኋላ፣ ትራስና የፎቶ ካርቶን ታቅፋ። ሮንዳ ቤት ቀርታለች፤ ሶፋውን ለማየት የሚመጣ ሰው ነበር። ከቁልቁለቱ ሲወርዱ ከድልድዩ በኩል የመርከብ ጥሩምባ ተነፋ፣ ረጅም፣ ከዚያ አጫጭር። አርቮ አንገቱን አዞረ። ዌይን ቀኝ ታጥፎ ከሐይቁ ራቀ።

መጦሪያው ንጹሕ ነው፤ በዚያ በኩል ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ኮሪደሩ የጽዳት መድኃኒትና የተቀቀለ ካሮት ይሸታል። የክፍሉ አልጋ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፣ ወንበሩ በቀላሉ የሚጠረግ ፕላስቲክ ለብሷል፣ መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያውን ነው። በሐይቁ በኩል ያሉት ክፍሎች በወር ስምንት መቶ ዶላር ይጨምራሉ፣ ዌይን ጠይቆ ነበር። ዴሎሬስ የምትባል ደልደል ያለች አስታማሚ በፈገግታ ገባች። «አቶ አርቮ፣ እንኳን ደህና መጡልን! ራት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ ዛሬ ዶሮ አለ።»

«ፐርከሌ» አላት።

«ምን ማለታቸው ነው?»

«እግዜር ይስጥልኝ ነው» አለ ዌይን።

ዴሎሬስ ስቃ «ለእርስዎም» ብላ ወጣች። ዌይንም ሳቀ፣ ካሪንም ሳቀች፤ ሳቁ ቶሎ አለቀባቸው። ዌይን ሸሚዞቹን በመሳቢያ ሲከት ካሪን አባቷ ጎን አልጋው ላይ ተቀመጠችና ስልኩን አሳየችው። «ይኸው ቀዩ መርከብህ ተመልሷል።» ነካው። የሐይቁ ካርታ ወጣ፣ ወደቡ ወጣ፣ ድልድዩ ስር አንዲት ትንሽ የመርከብ ቅርጽ እየተንቀሳቀሰች ነበር፤ ቅድም ጥሩምባዋን የሰሙት መሆን አለበት። አርቮ መርከቧን አያት፣ አያት፤ ከዚያ ተነስቶ እያነከሰ መስኮቱ ጋ ሄደ። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አድርጎ ግራና ቀኝ ፈለገ። ማቆሚያው ውስጥ አንድ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። ተመልሶ መጣና ተቀመጠ። ስልኩን ኪሱ ከተተው።

ዌይን ሰዓቱን አየ። «እንግዲህ እኛ እንሂድ» አለ፣ ለእነሱ ይሁን ለራሱ ሳይለይ። አርቮ ይኼን ሲሰማ ባርኔጣውን አደረገ። ካፖርቱን አላወለቀም ነበር። ተነስቶ በሩ ጋ ቀድሟቸው ቆመ፣ እንግድነት ሄዶ ጨርሶ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሰው።

ዌይን ጉሮሮውን ጠረገ። «አባዬ፣ አንተ እዚህ ነህ። ነግሬሃለሁ እኮ።»

አርቮ ዌይንን አየው። ቀጥሎ ካሪንን አያት፤ እሷን ያያት ረዘም አድርጎ ነው። «ቤት?» አላት።

«ጥሩ ቦታ ነው አባዬ» አለች። ሌላ ቃል ፈለገች፤ ሁሉም ፊደል፣ ሁሉም ቃል ያላት ሰው ሆና ከዚያች ሌላ አጣች። አባቷ ወደ ፕላስቲኩ ወንበር ተመልሶ ባርኔጣውን እንዳደረገ ተቀመጠ። ስትስመው ጉንጩን አልነፈጋትም፣ አልሰጣትምም።

ዌይን የአባታቸው ቤት በር ላይ፣ መኪናዋ አጠገብ አወረዳት። «ራት አትበይም? ሮንዳ የሆነ ነገር ትሠራለች» አላት። «ሰኞ ሥራ አለብኝ፣ ብዙ ይቀረኛል» አለችው፤ ገና ሐሙስ ነው። ዌይን ራሱን ነቀነቀ። ተቃቀፉ፤ ሁለቱም ካፖርት ለብሰው ስለነበር የተነካካው ካፖርቱ ነው።

ከከተማው ወጥታ ጥቂት እንደሄደች ስልኳ ጠራ። የአባቷ ፎቶ ነው። በመኪናው ድምፅ ማጉያ አነሳችው።

«ካሪን» አለ።

«አቤት አባዬ። በላህ?»

«ካሪን። ቤት።»

«ነገ ዌይን ይመጣል። እኔም በገና እመጣለሁ እሺ? በገና።»

ከበስተኋላው የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። «ደህና እደር አባዬ» አለችና ዘጋች። ወዲያው ጠራ። አነሳች፤ «ካሪን፣ ቤት።» እንደገና ነገረችው። ድምፅዋን አሳምራ፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። እንደገና ጠራ። አሁን «ቤት»ን ትቶ ስሟን ብቻ ነበር የሚለው፣ የማይሰማ ሰው እንደሚጠራ እየጮኸ። ስሟ ያን ያህል ጥርት ብሎ ከአፉ ከወጣ ቆይቷል። መንገዱ ግራና ቀኝ ጥድ ብቻ ነው፤ የሚመጡት መኪኖች መብራት ዓይኗ ላይ ይበተናል። አራተኛውን አላነሳችም። እስኪያቋርጥ ድረስ ሁለት እጇን መሪው ላይ ጭና ነዳች። ሲያቋርጥ መልሶ ጠራ።

ግማሽ መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ሂንክሊ ስትደርስ ነዳጅ ማደያ ገባችና ሞተሩን አጠፋችው። ሰዎች ቡናና ኬክ ይዘው ይገባሉ ይወጣሉ። ስልኩን ከመያዣው ነቅላ እጇ ላይ አደረገችው። እንደገና እየጠራ ነው፤ የአባቷ ፎቶ በርቷል፣ ከስሩ ሁለት ክቦች፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ ማንም የማይሳሳታቸው። አውራ ጣቷን አረንጓዴው ላይ አስጠጋች። ምን እንደምትለው አሰበች። «እመጣለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚበቃው፤ መኪናውን አዙራ መንዳት ብቻ። ስልኩ እጇ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ፤ ስክሪኑም ጠፋ።

መኪናው ውስጥ ብርዱ እየገባ ሄደ። እንደገና ሲጠራ አነሳለሁ ብላ፣ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። የማደያው ሠራተኛ ወጥቶ በረዶ መጥረጊያዎቹን አስገባ። አልጠራም።